ማሞቂያ የሌለው ቺፕ፦ 0.3 ናኖሜትር በብርሃን ብቻ

ጉዳዩ በኢሜይል መጣ። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ተምሮ አሁን በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቱን የሚከታተል የቀድሞ ተማሪያችን፣ ራሱ የነደፈው የሲሊከን ፎቶኒክስ (በኤሌክትሪክ ፈንታ በብርሃን የሚሠራ) ቺፕ ተሠርቶ እጁ ገብቷል። ቺፑ ላይ ሁለት ጥቃቅን ቀለበቶች በአንድ የብርሃን መስመር ጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም አንድን የሞገድ ርዝመት ብቻ ይዘው እንዲያስቀሩ፣ የመጀመሪያው ያመለጠውን ሁለተኛው እንዲጨርስ ታስቦ ነበር። ሲለካ ግን ትንሹ ቀለበት ከትልቁ በ0.3 ናኖሜትር ወደ አጭሩ የሞገድ ርዝመት ሸሽቶ ተገኘ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ቺፑ ላይ ብረት የሚባል ነገር የለም፤ ማሞቂያ አላስገባሁበትም። ምን ይሻለኛል?»

ማሞቂያ ያላስገባበት ምክንያት ገንዘብ ነው። የብዙ ሰዎች ንድፍ በአንድ ዋፈር (ክብ የሲሊከን ዝርግ) ላይ ተሰባስቦ ሲሠራ፣ ሲሊከን ብቻ ተቀርጾ ኦክሳይድ የሚለብሰው ቺፕ ከሁሉም ይረክሳል። የብረት ንብርብር ሲጨመርበት ዋጋው ይንራል። የተለመደው ማሞቂያ ከቀለበቱ በላይ፣ በኦክሳይዱ ውስጥ የሚዘረጋ የቲታኒየም ናይትራይድ ወይም የተንግስተን ክር ነው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ውስጥ ከተቀበረው ሽቦ በአሠራር አይለይም። እርሱ ከሌለ አንድን ቀለበት ብቻ ለይቶ የሚያሞቅ ነገር ከውጭ መምጣት አለበት።

ለምን ሙቀት? ቺፑ በሚሠራበት በ1550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ የሲሊከን የስብረት ኢንዴክስ (ብርሃንን የሚያዘገይበት መጠን) 3.48 ነው። በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.000186 ያህል ይጨምራል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቀለበት ላይ ሬዞናንሱን፣ ማለትም ቀለበቱ የሚይዘውን የሞገድ ርዝመት፣ በየዲግሪው 0.075 ናኖሜትር ያህል ይገፋዋል። የልጁ ቀለበቶች የሚይዙት ቀለም በስፔክትረሙ ላይ የሚተወው ስርጉድ 0.08 ናኖሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰፋ፣ 0.3 ናኖሜትር የአራት ስርጉድ ርቀት ነው። ሁለቱ ቀለበቶች አይተያዩም ማለት ነው። ትንሹን ከትልቁ በ4 ዲግሪ ማስበለጥ ግን ያገናኛቸዋል።

በንድፍ ስህተት የመጣ ልዩነትም አይደለም። የሲሊከኑ መስመር 450 ናኖሜትር ስፋትና 220 ናኖሜትር ውፍረት አለው፤ ስፋቱ ላይ የ1 ናኖሜትር መዛነፍ ሬዞናንሱን ወደ 1 ናኖሜትር ገደማ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ 0.3 ናኖሜትር ብቻ መሳሳቱ አምራቹን የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ቺፑን በሙሉ በተቀመጠበት የመለኪያ ጠረጴዛ ማሞቂያ ማሞቅም አይረዳም፤ ሁለቱም ቀለበቶች እኩል ይሄዳሉ፣ ልዩነቱ እንደነበረ ይቀራል።

እዚህ ባሕር ዳር ጉዳዩን የያዝነው ሦስት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ አንድ አንጋፋ የፊዚክስ ባልደረባዬና የማስተርስ ተማሪያችን። ሌዘርም ሆነ ንጹሕ ክፍል የለንም። ያለን ወረቀት፣ ጥቂት ኮምፒውተሮችና እንደ ሚፕ እና ኤልመር ያሉ ነጻ የስሌት ሶፍትዌሮች ናቸው። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ይህ ብዙ ነው። ቺፑን ያልነካ ሰው ስለ ቺፑ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል።

ተማሪያችን የጀመረችው ከኮምፒውተሩ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በወረቀት ሠራችው። ቀለበቱ ላይ ሙቀት ቢፈጠር በየት ይወጣል? ከሥሩ 2 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ኦክሳይድ አለ፤ ከኦክሳይዱ በታች ደግሞ ወፍራሙ የሲሊከን መደብ። ኦክሳይድ ሙቀትን የሚያስተላልፈው በ1.4 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው፤ መደቡ በ148። አንድ መቶ እጥፍ ያህል ልዩነት። ስለዚህ ሙቀቱን የሚያግተው ኦክሳይዱ ነው፤ መደቡ ላይ ከደረሰ በኋላ እንደ ልቡ ይበተናል። ከመሬት በላይ የተዘረጋ ሪባን ኤሌክትሪክ የማከማቸት አቅም (ካፓሲታንስ) የሚሰላበትን የሎጋሪዝም ቀመር ወስዳ ለሙቀት ተጠቀመችበት። በ5 ማይክሮሜትር ራዲየስ፣ ማለትም በ31 ማይክሮሜትር ዙሪያ ላይ ያገኘችው ውጤት፦ ቀለበቱ ውስጥ ለሚቀር ለእያንዳንዱ ሚሊዋት 12 ዲግሪ ተኩል። በኋላ ኤልመር የሰጠን መልስ ከዚህ ብዙም አልራቀም።

ይህን ቁጥር ፈተንኩት። 12 ዲግሪ በሚሊዋት ከሆነ፣ ሬዞናንሱን ሙሉ ዙር፣ ማለትም እስከ ቀጣዩ ሬዞናንስ ድረስ 18 ናኖሜትር ያህል፣ ለማንቀሳቀስ 19 ሚሊዋት ይበቃል ማለት ነው። በዓለም ላይ ያሉ የብረት ማሞቂያዎች ለዚሁ ሥራ ሃያና ሠላሳ ሚሊዋት አካባቢ ይፈልጋሉ። ቀለበቱ ውስጥ በቀጥታ የተፈጠረ ሙቀት ከላይ ከሚመጣው ትንሽ ያነሰ ኃይል ቢፈልግ የሚጠበቅ ነው። ቁጥሩ ቆመ። እኛን የሚያስፈልገን 4 ዲግሪ ደግሞ ከሚሊዋት ሲሶ ያህል ይወጣል። ከዓባይ ፏፏቴ በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቁጭ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ጣቢያ 11.4 ሜጋዋት እንዲሰጥ መሠራቱን እያወቁ ስለ አንድ ሚሊዋት ሲሶ መከራከር ትንሽ ያስቃል።

እዚህ ላይ ባልደረባዬ አንድ ጥያቄ ጣሉ። «እኛ 1,800 ሜትር ላይ ነን፤ አየሩ ሳስቷል። እርሱ ያለው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ስሌቱ አይለወጥም?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ የኮምፒውተሮቻችን ማራገቢያዎች በዚህ ከፍታ ላይ የሚገፉት አየር የሳሳ በመሆኑ ማቀዝቀዛቸው በእርግጥ ይቀንሳል። በማይክሮሜትር ርቀት ላይ ግን አየር አይነፍስም፤ ሙቀትን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው፤ የቆመ ጋዝ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ደግሞ በግፊት መቀነስ አይለወጥም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የአየር አቅም 0.026 ብቻ ስለሆነ ከኦክሳይዱ በሃምሳ እጥፍ ያንሳል። አየሩን ከስሌቱ አወጣነው።

ዋናው ችግር ግን ሙቀቱ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። የ1550 ናኖሜትር ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይዟል፤ ሲሊከን ፎቶን ለመምጠጥ 1.12 ይፈልጋል። ስለዚህ ብርሃኑ ሰተት ብሎ ያልፋል። ሲሊከን ለዚህ ሥራ የተመረጠውም ብርሃኑን ስለማይበላ ነው። አሁን ደግሞ ብላ እያልነው ነው።

ልጁ ራሱ ያሰበው መፍትሔ አረንጓዴ ሌዘር ነበር። 532 ናኖሜትር፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ዝግጁ ሆኖ የተቀመጠ። አረንጓዴ ፎቶን 2.33 ኤሌክትሮን ቮልት ስላለው ሲሊከን ይመጠዋል። ከላይ በ12 ማይክሮሜትር ስፋት ትንሹ ቀለበት ላይ ብቻ ማብራት፤ ቀላል፣ የሚታይ፣ በእጅ የሚንቀሳቀስ። እኔም ወድጄው ነበር።

ሒሳቡ መጀመሪያ አሳሳቀን። 10 ሚሊዋት ቢበራ፣ ቀለበቱ ከብርሃን ክቡ ውስጥ የሚሸፍነው ስምንተኛውን እጅ ያህል ነው። አረንጓዴ ብርሃን ሲሊከን ውስጥ ከአንድ ማይክሮሜትር በላይ ሰርጎ ስለሚገባ፣ 220 ናኖሜትር ውፍረት የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው። በመጨረሻ ቀለበቱ ውስጥ የሚቀረው 0.18 ሚሊዋት፣ ማለትም 2.3 ዲግሪ። የተረፈው አልፎ መደቡ ላይ ያርፋል። 7 ሚሊዋት ያህሉ እዚያ ተመጦ መደቡን ከቀለበቱ ሥር በ2 ዲግሪ ያሞቀዋል። ድምሩ 4.3። ከ60 ማይክሮሜትር ርቀት ላይ ያለው ትልቁ ቀለበት በመደቡ በኩል የሚደርሰው 0.13 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈለግነው 4 ዲግሪ ልዩነት ተገኘ! ባልደረባዬ «ላኩለት» አሉ።

ተማሪዋ አላከችም። የስሌት ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ላይ አንድ መስመር ጻፈች፤ 0.18 ሚሊዋት ሲካፈል ለአንድ አረንጓዴ ፎቶን ጉልበት። በሰከንድ 480 ትሪሊዮን ፎቶኖች። «መምህር፣ እያንዳንዱ ፎቶን ሙቀት ከመሆኑ በፊት አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ቀዳዳ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የለቀቀውን ባዶ ቦታ፣ ይፈታል። እነርሱን የት አደረግናቸው?»

የትም አላደረግናቸውም። የተፈቱት ኤሌክትሮኖችና ቀዳዳዎች ተመልሰው እስኪገናኙ ድረስ ግማሽ ናኖሰከንድ ያህል ቢቆዩ እንኳ፣ በዚያች ጠባብ ቀለበት ውስጥ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.7 ሲባዛ በ10 ከፍ በ16 ያህል ይጠራቀማሉ። ተመራማሪዎቹ ሶረፍና ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ግንኙነት እንዲህ ያለ ክምችት ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፦ የስብረት ኢንዴክሱን ይቀንሳል። ሙቀት ወደ ረጅሙ የሞገድ ርዝመት ሲገፋ ነጻ ኤሌክትሮኖች ወደ አጭሩ ይስባሉ። ተቆጠሩ፤ 1.8 ዲግሪ ያህል ሙቀት የሚሰርዙ ሆኑ። ከ4.2 ዲግሪ ልዩነታችን ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይባስ ብሎም ራሳቸው ኤሌክትሮኖቹ የሲግናሉን፣ ማለትም ቀለበቶቹ እንዲይዙት የታሰበውን፣ ብርሃን ይመጥጣሉ፤ በቀለበቱ ውስጥ ያለውን ብክነት በሩብ ያህል ያሳድጋሉ፤ ስርጉዱ ይሰፋል፣ ጥልቀቱም ይበላሻል። ኃይሉን ብንጨምርም ብክነቱ አብሮ ይጨምራል።

አረንጓዴው መንገድ ለእኔ የሞተው በዚህ ብቻ አይደለም። ከሙቀቱ ግማሽ የሚጠጋው የመጣው ከመደቡ ነው። ከመደቡ የሚመጣ ሙቀት የቦታ ድንበር አያውቅም፤ ቺፑ ላይ ሃያ ቀለበት ቢኖር ሃያዎቹም ድርሻቸውን ያገኛሉ። አንዲት ነጥብ ላይ ብርሃን ማሳረፍና ሙቀትን በአንዲት ነጥብ መወሰን አንድ አይደሉም። ሙቀቱን በቦታው የሚወስነው ብርሃኑ የተመጠጠበት ስፍራ ከመደቡ ምን ያህል በኦክሳይድ ተነጥሏል የሚለው ነው። ይህን ነገር ብዙ ንድፍ አውጪዎች ዘግይተው ነው የሚያዩት።

ሁለተኛው መንገድ ከልጁ የመጀመሪያ ኢሜይል ጋር ተያይዞ መጥቶ ነበር፤ እርሱ ግን እንደ ጉድለት ነው የቆጠረው። በ1 ሚሊዋት ሲለካ የቀለበቱ ስርጉድ ቅርጹ ተመጣጣኝ አልነበረም። ሌዘሩ ከአጭር ወደ ረጅም የሞገድ ርዝመት ሲሄድ ስርጉዱ ቀስ ብሎ እየወረደ አብሮ ይጎተታል፤ ከዚያ በድንገት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ባለ ሦስት ማዕዘን። ሌዘሩ ሲመለስ ደግሞ ጠባብና ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኃይሉን ወደ 10 ማይክሮዋት ሲያወርደው ሁለቱም ጉዞዎች አንድ ይሆናሉ። «መሣሪያው ሳይበላሽብኝ አልቀረም» ብሎ ጽፎ ነበር።

መሣሪያው ደኅና ነው። ቀለበቱ በራሱ ብርሃን እየሞቀ ነው። ተመራማሪዎቹ አልሜዳና ሊፕሰን ይህንኑ ባለሁለት ገጽታ ጠባይ በሲሊከን ቀለበት ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳይተዋል፤ በዚያው ዓመት ካርሞን፣ ያንግና ቫሃላ ደግሞ በጥቃቅን የብርሃን ማጎሪያዎች ውስጥ ሙቀት እንዴት ራሱን በራሱ እንደሚያረጋጋ ተንትነዋል። እዚህ ላይ መቆየት ይገባል፤ የጉዳዩ መፍቻ ያለው እዚህ ነውና።

ሲሊከኑ ግልጽ ቢሆንም ፍጹም ግልጽ አይደለም። የመስመሩ ግድግዳዎች ላይ ያሉ ያልተሟሉ ትስስሮች ጥቂት ብርሃን ይመጥጣሉ። የተጎተተው ሦስት ማዕዘን ርዝመት እንደሚነግረን፣ በዚህ ቀለበት ውስጥ ከሚባክነው ብርሃን አሥር በመቶ ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የተረፈው ተበትኖ ይወጣል። ስለዚህ 1 ሚሊዋት ሲገባ 0.1 ሚሊዋት ይቀራል፣ ከዲግሪ በላይ ያሞቃል፣ ሬዞናንሱን ከራሱ ስፋት በላይ ይገፋል። በዚህ ላይ ብርሃኑ ቀለበቱ ውስጥ እየዞረ ይከማቻል፤ 1 ሚሊዋት ገብቶ 75 ሚሊዋት ይዞራል። ብርሃኑ እንዲህ ሲጠብቅ ሁለት ፎቶኖች በአንድ ጊዜ ይመጠጣሉ፤ 0.8 እና 0.8 ሲደመር 1.6 ይሆናል፣ ከ1.12 ይበልጣል። በዚህ የተፈቱት ኤሌክትሮኖች ደግሞ እዚያው የሚዞረውን ብርሃን እየመጠጡ ሌላ ሙቀት ይፈጥራሉ።

ሐሳቡ እንግዲህ ይህ ሆነ፦ ከሲግናሉ ሌላ አንድ ጠንካራ የኢንፍራሬድ ብርሃን በዚያው መስመር ማስገባትና ትንሹን ቀለበት ከውስጥ ማሞቅ። ትልቁ ቀለበትስ አብሮ አይሞቅም? ዕድል ረዳን። የትልቁ ራዲየስ 6 ማይክሮሜትር ነው። የትንሹ ሬዞናንሶች በ18 ናኖሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የትልቁ በ15። ሲግናሉ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንድ እርምጃ ወዲያ ሲኬድ በ3 ናኖሜትር ይለያያሉ። የሚያሞቀው ብርሃን እዚያ ከገባ ትንሹ ብቻ ይይዘዋል፤ ትልቁ እንዳላየ ያሳልፈዋል። ሁለቱ ራዲየሶች እኩል ቢሆኑ ኖሮ ዘዴው አይሠራም ነበር፤ ሊገናኙ ሲቀርቡ ሙቀቱንም ይካፈሉ ነበር።

ተማሪዋ ሦስቱን የሙቀት ምንጮች አንድ ላይ አሰላች። 2 ሚሊዋት ያህል ቀለበቱ ውስጥ ሲወድቅ፦ ከግድግዳዎቹ 0.20 ሚሊዋት፣ ከሁለት ፎቶን መመጠጥ 0.04፣ ከነጻ ኤሌክትሮኖቹ 0.15። ድምሩ 4.9 ዲግሪ ይሰጣል። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ኋላ የሚስቡት 0.7 ሲቀነስ 4.2 ይቀራል። 0.31 ናኖሜትር። ያው ኤሌክትሮን በአረንጓዴው ዘዴ የሚያፈርስ ነበር፤ እዚህ ግን ከሚሰርዘው የሚያሞቀው ይበልጣል። ምክንያቱም አሁን የሚመጥጠው ደካማውን ሲግናል ብቻ ሳይሆን ቀለበቱን የሞላውን ጠንካራ ብርሃን ነው። መደቡ የሚደርሰው ግማሽ ሚሊዋት እንኳ ስለማይሞላ ጎረቤቱ ቀለበት ምንም አይሰማውም።

የላክንለት መመሪያ አጭር ነበር። ሲግናሉን በ10 ማይክሮዋት ያዝ፤ እርሱም ራሱ ማሞቂያ እንዳይሆንብህ። የሚያሞቀውን ሌዘር ከቀዝቃዛው ሬዞናንስ ባነሰ የሞገድ ርዝመት ጀምርና ቀስ ብለህ ወደ ረጅሙ ውሰደው፤ ቀለበቱ ይከተልሃል። ቀስ ማለት ከባድ አይደለም፤ ብርሃን ቀለበቱ ውስጥ የሚቆየው 16 ፒኮሰከንድ ሲሆን ሙቀቱ ግን በኦክሳይዱ ለመውጣት 5 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል፤ ማንኛውም የጠረጴዛ ሌዘር ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው የሚንቀሳቀስ። ከጫፉ ሳትደርስ ቁም። ካለፍክ ቀለበቱ ብርሃኑን ይለቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ከእንደገና መጀመር ነው። ለዚህም በቺፑ ላይ 2 ሳይሆን 3 ሚሊዋት ይኑርህ። ከፋይበር ወደ ቺፕ ሲገባ ከግማሽ በላይ ስለሚጠፋም ሌዘሩ ላይ ከዚያ ብዙ መስጠት አለብህ።

ሠራ። ሁለቱ ስርጉዶች ተገናኙና አንድ ጥልቅ ስርጉድ ሆኑ። ያልጠበቀው ስጦታም አገኘ፤ ክፍሉ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ትንሹ ቀለበት ቦታውን አልለቀቀም። ሬዞናንሱ ወደ አጭሩ ሲሸሽ ወደሚያሞቀው ብርሃን ይጠጋል፣ የበለጠ ይይዛል፣ ይሞቃል፣ ይመለሳል። ትልቁ ግን ይህ ጠባቂ ስለሌለው ከክፍሉ ሙቀት ጋር ሲዋዥቅ ዋለ፤ የጠረጴዛውን ሙቀት መቆጣጠሪያ ማጥበቅ ግድ ሆነ። መውጫው ላይ የተረፈውን የሚያሞቅ ብርሃን ለማስቀረትም አንድ የፋይበር ማጣሪያ ተጨመረ።

ለሚቀጥለው ቺፕ ምን እናስብ ብሎ ሲጠይቅ አልተስማማንም። ባልደረባዬ አሁን የሠራው ይደገም ይላሉ። እኔ ግን በግድግዳ ጉድለት የሚሞቅ ማሞቂያ ላይ ሌላ ንድፍ መመሥረት አልወድም፤ ያ አሥር በመቶ በሚቀጥለው ዋፈር አምስት ሊሆን ይችላል። ተማሪዋ የሳለችው ሦስተኛ መንገድ ነው። የሚያሞቀው ብርሃን በራሱ መስመር ወደ ቀለበቱ መሃል ይገባል፤ እዚያ 1550 ናኖሜትርን በሚገባ የሚመጥጥ ትንሽ የጀርመኒየም ቁራጭ ይጠብቀዋል። ሲግናሉ ቁራጩን አይነካውም። ቁራጩንና ቀለበቱን የሚያገናኘው ሙሉ በሙሉ ያልተቀረጸ ስስ የሲሊከን ወለል ነው፤ ስስ ሲሆን ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከወፍራሙ ሲሊከን ቢያንስም ከኦክሳይዱ እጅግ ይሻላል። ያ ወለል ምን ያህል ይወፍር የሚለው ነው አሁን በኤልመር እየተሰላ ያለው፤ ከወፈረ ቀለበቱ መታጠፊያው ላይ ብርሃን ያፈሳል፣ ከሳሳ ሙቀቱ ሳይደርስ ወደ መደቡ ይወርዳል። ጀርመኒየም የሚጨምረው ዋጋ ከብረት ማሞቂያው እንዳይበልጥም ልጁ አምራቹን እንዲጠይቅ ጽፈንለታል።